የብረት ሰጋር በቅሎ ሠሪው፦ የአንቶን ሽቫርትስኮፍ ሕይወትና ሥራ

በቡሬ ገበያ የኮርቻ በቅሎ የሚገዛ የጎጃም ሰው ከሻጩ ጋር ብዙ አይከራከርም። ጥርሷን አይቶ ዕድሜዋን ከገመተ፣ ጀርባዋንና ሰኮናዋን በእጁ ከዳሰሰ በኋላ ኮርቻ አስጭኖ ይወጣባትና ከገበያው ራቅ አድርጎ አስግሮ ይመልሳታል። የዋጋው ነገር ቁርጥ የሚሆነው ከዚያ በኋላ ነው። ሰጋር ከሆነች፣ ይኸውም እግሯን ስትለዋውጥ የተቀማጩን ወገብ የማትነቀንቅ፣ ቁልቁለትና ድንጋይ ሲገጥማት አካሄዷን የማታዛባ ከሆነች፣ ገዢው ከኪሱ የሚያወጣውን ገንዘብ አይሰስትም። የምታነጥር ከሆነች ግን መልኳ ቢያምርና አንገቷ ቢረዝምም ለጭነት እንጂ ለኮርቻ አትፈለግም። በዚህ ፍርድ ውስጥ መሣሪያም ቁጥርም የለም፤ ሚዛኑ የተቀማጩ አካል ነው።

አውቶቡስ የበቅሎን ቦታ እየወሰደ በሄደ ጊዜ ይኸው ሚዛን ወደ አውቶቡስ ተሻገረ። ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በደምበጫ፣ በጅጋ፣ በፍኖተ ሰላምና በማንኩሳ በኩል ቡሬ የሚደርሰው መንገድ አስፋልት ሳይለብስ በነበረበት ዘመን፣ ተሳፋሪው ባሌስትራው የደከመውን መኪና ካልደከመው፣ ኩርባውን በዝግታ የሚይዘውን ሾፌር በድንገት ከሚጠመዝዘው ለይቶ ለማወቅ ከአንድ ጉዞ በላይ አያስፈልገውም ነበር። የኋላ ወንበር የሚሸሸውም በዚሁ ዕውቀት ነው። መሐንዲስ በስሌት የሚደርስበትን ነገር ገበሬውና ነጋዴው በወገባቸው ይደርሱበታል።

ከጎጃም ሩቅ በሆነ አገር፣ ይህን የተቀማጭ ፍርድ የሙያው ሁሉ መለኪያ አድርጎ ዕድሜውን የጨረሰ አንድ ብረት ሠሪ ነበር። ስሙ አንቶን ሽቫርትስኮፍ ይባላል። የሠራቸው ነገሮች በቅሎም አውቶቡስም አልነበሩም፤ ሮለር ኮስተር የሚባሉት የመዝናኛ ባቡሮች ነበሩ። ከሞተ ከሃያ ዓመት በላይ ቢሆነውም፣ በእነዚህ ባቡሮች መሳፈርን እንደ ትልቅ ጉዳይ የያዙ ሰዎች ስለ አካሄድ ልስላሴ በተነጋገሩ ቁጥር የእሱን ስም ሳያነሡ አያልፉም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሮለር ኮስተር አይቶ ለማያውቅ አንባቢ ነገሩን በአጭሩ መግለጽ ይገባል። በከፍተኛ ምሰሶዎች ላይ የተዘረጋ፣ ዳገትና ቁልቁለት፣ ኩርባና ቀለበት ያለበት ሐዲድ ነው። ፉርጎዎቹ ሞተር የላቸውም። በመጀመሪያ በሰንሰለት ወደ ከፍታው ጫፍ ይሳባሉ፤ ከዚያ ከተለቀቁ በኋላ እስከ ጉዞው መጨረሻ የሚነዳቸው የምድር ስበት ብቻ ነው። ሰበቃና ነፋስ ጉልበታቸውን እየቀነሱት ስለሚሄዱ፣ የሚከተለው ኮረብታ ሁሉ ከመጀመሪያው ዝቅ ማለት አለበት። በአሜሪካ ላማርከስ ቶምፕሰን የተባለው ሰው በ1884 በኒው ዮርክ ኮኒ አይላንድ እንዲህ ያለውን መዝናኛ ከፍቶ ሕዝብ ከጎረፈለት ጊዜ ጀምሮ ሥራው ዓለም አቀፍ ንግድ ሆነ። ይሁን እንጂ ለብዙ ዓሠርት ዓመታት ሐዲዱ የሚያርፈው በእንጨት ላይ ነበር። እንጨት ደግሞ በዝናብ ያብጣል፣ በፀሐይ ይሰነጠቃል፣ ከቦታውም ይንቀሳቀሳል።

አንቶን ሽቫርትስኮፍ በደቡብ ጀርመን፣ በባቫሪያ ክፍለ ሀገር፣ ሐምሌ 8 ቀን 1924 ተወለደ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ገና የ20 ዓመት ወጣት ነበር። ሙንስተርሃውዘን በምትባለው ትንሽ መንደር የነበረው የቤተሰቡ መሥሪያ ቤት መጀመሪያ የሚሠራው ለትርዒት ነጋዴዎች የሚሆኑ ሠረገላዎችንና ተሳቢ መኪናዎችን ነበር። በዚያን ጊዜ በጀርመን አገር መዝናኛ በአብዛኛው በአንድ ቦታ ተተክሎ የሚኖር ሳይሆን ከከተማ ወደ ከተማ፣ ከአንዱ የበዓል ገበያ ወደ ሌላው የሚዞር ሥራ ነበር። ስለዚህ ወጣቱ አንቶን ከሁሉ አስቀድሞ የተማረው ብረትን በጥንቃቄ መበየድን፣ ክብደትን መቆጠብንና ተፈትቶ የሚገጠም ነገር በተገጠመ ቁጥር እንደ መጀመሪያው ቀን እንዲሆን ማድረግን ነው።

ይህ የመጨረሻው ትምህርት የሕይወቱን አቅጣጫ ወሰነ። በአንድ ቦታ ለዘለዓለም የተተከለ ሐዲድ ስሕተት ቢኖርበት በዚያው ይታረማል፤ በየጥቂት ሳምንቱ ተነቅሎ በጭነት መኪና የሚጓዝና በሌላ ከተማ በድንጋይ ንጣፍ ላይ የሚቆም ሐዲድ ግን በመገጣጠሚያው ላይ የጥቂት ሚሊሜትር ልዩነት ካለው፣ ያ ልዩነት ተሳፋሪውን በየዙሩ ይመታዋል። መሥሪያ ቤቱ በ1957 ዱዘንሽፒራለ የተባለውን የመጀመሪያውን የብረት ሮለር ኮስተር ለገበያ ሲያቀርብ ይህን የሠረገላ ሠሪ ጥንቃቄ ይዞ ነው። በ1964 ደግሞ ዋይልድካት የተባለው ዓይነት ተከተለ፤ ቀጥሎም የጄት ስታር ዓይነቶች መጡ። በእነዚህ በኋለኞቹ ውስጥ ተሳፋሪዎች በአንድ ረጅም መቀመጫ ላይ እግራቸውን ዘርግተው፣ አንዱ ከሌላው ፊት ይቀመጡ ነበር።

ሽቫርትስኮፍ ብቻውን አልሠራም። ከ1963 ጀምሮ ቬርነር ሽቴንገል የተባለ የሙኒክ መሐንዲስ ስሌቱን ይሠራለት ጀመር። አንዱ ብረቱን፣ ሌላው ቁጥሩን ያውቅ ነበር። የሁለቱ መገናኘት ለሙያው ምን እንዳስገኘ ለመረዳት አንድ አሮጌ ውድቀት ማስታወስ ያስፈልጋል።

በ1895 በኮኒ አይላንድ ፍሊፕ ፍላፕ የተባለ፣ ተሳፋሪን ዘቅዝቆ የሚያዞር ሐዲድ ተሠርቶ ነበር። ቀለበቱ ፍጹም ክብ ነበር። የክብ ቀለበት ችግር በቀላል ስሌት ይታያል። ፉርጎው በቀለበቱ አናት ላይ ሳይወድቅ ለማለፍ የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ፍጥነት ሲሰላ፣ ያው ፉርጎ ከታች ወደ ቀለበቱ በሚገባበት ቅጽበት ተሳፋሪው የክብደቱን 6 እጥፍ ይሸከማል፤ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 360 ኪሎ የሆነ ያህል ይጫነዋል ማለት ነው። ከዚህም የባሰው ጭነቱ የሚመጣው በድንገት መሆኑ ነው። ቀጥ ያለው ሐዲድ በሚያበቃበትና ክቡ በሚጀምርበት ነጥብ ላይ ኩርባው ከምንም ተነሥቶ በአንድ ጊዜ ሙሉ ይሆናል። የአንገት ጅማት ይህን አይችለውም። ፍሊፕ ፍላፕም በአንገት ሕመም ስሙ ጠፍቶ ብዙ ሳይቆይ ተዘጋ።

መፍትሔው የመንገድና የባቡር ሐዲድ መሐንዲሶች በደንብ የሚያውቁት ነው። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚጓዝ ሾፌር ኩርባ ሲደርስ መሪውን በአንድ ቅጽበት አይጠመዝዝም፤ ፍጥነቱን ጠብቆ መሪውን ቀስ በቀስ ያዞራል፤ ከኩርባው ሲወጣም እንዲሁ ቀስ በቀስ ይመልሰዋል። መኪናው በዚህ ጊዜ በመሬት ላይ የሚስለው መስመር ክሎቶይድ የሚባለው ነው፤ ከቀጥታ መንገድ ወደ ኩርባ የሚያሸጋግር፣ ርቀቱ በጨመረ ቁጥር እኩል እየጠበበ የሚሄድ ኩርባ ነው። ሽቴንገል ይህን በመሬት ላይ የተኛ ኩርባ አንሥቶ አቆመው። ቀለበቱ ከታች ሰፊ፣ ከላይ ጠባብ፣ እንደ እንባ ጠብታ የረዘመ ቅርጽ ያዘ። ፉርጎው ፈጣን በሆነበት በታችኛው ክፍል ኩርባው ሰፊ ስለሆነ ጭነቱ ይቀንሳል፤ ፍጥነቱ በሚዳከምበት አናት ላይ ኩርባው ስለሚጠብ ተሳፋሪው ከወንበሩ አይለቅም። ከሁሉም በላይ ጭነቱ በድንገት ሳይሆን እያደገ ይመጣል።

ስሌት ግን በወረቀት ላይ ሳለ ማንንም አያሳፍርም። ወፍራም የብረት ቧንቧ ከነጥብ ወደ ነጥብ ስፋቱ እየተለወጠ በሚሄድ ኩርባ ላይ በትክክል ማጠፍ፣ ሁለቱን ሐዲዶች በእኩል ርቀት ይዞ መበየድ፣ ፉርጎውንም ከላይ፣ ከጎንና ከታች በሚይዙ ሦስት ዓይነት ጎማዎች ሐዲዱን አስጨብጦ ማስኬድ የሙንስተርሃውዘን ሠራተኞች ድርሻ ነበር። ግንቦት 8 ቀን 1976 በሎስ አንጀለስ አቅራቢያ በማጂክ ማውንቴን መናፈሻ ግሬት አሜሪካን ሬቮሉሽን የተባለው ሐዲድ ተከፈተ። በዘመናዊ የብረት ሐዲድ ላይ ተሳፋሪን በቁም ቀለበት ያዞረ የመጀመሪያው ሥራ ይህ ነበር። ተሳፋሪዎቹን በቦታቸው የሚይዛቸው በጭናቸው ላይ የሚወርድ አንድ ብረት ብቻ ሲሆን፣ ትከሻቸውና አንገታቸው ነጻ ነበር። የቀለበቱ ቅርጽ በትክክል ከተሠራ ተሳፋሪውን በወንበሩ ላይ የሚያጸናው ጉዞው ራሱ ስለሆነ ከዚያ በላይ ማሰር አያስፈልግም የሚለው የሽቫርትስኮፍ እምነት በዚህ ታየ። በሚቀጥለው ዓመት ሐዲዱ ሮለርኮስተር በተባለው ፊልም ላይ ቀርቦ በዓለም ሁሉ ታወቀ።

በዚያው በ1977 ደግሞ ቦታ ለጠበባቸው መናፈሻዎች የሚሆን ሌላ ሥራ አወጣ። ፉርጎዎቹ በሰንሰለት መሳባቸው ቀርቶ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ተወርውረው ቀለበቱን ያልፋሉ፤ ቀጥ ባለ ዳገት ላይ ወጥተው ይቆሙና ወደ ኋላ ቀለበቱን ደግመው ይመለሳሉ። የሚወረውራቸው በመጀመሪያ ከከፍታ የሚወድቅ ከባድ ክብደት ነበር፤ በኋላ ግን በትልቅ ቮላኖ ተተካ። ትንሽ ሞተር ቮላኖውን ቀስ እያለ ያዞረዋል፤ ጉልበቱ በውስጡ ይከማቻል፤ ከዚያም በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ለባቡሩ ይሰጠዋል። በ1978 በካሊፎርኒያ ኖትስ ቤሪ ፋርም የተተከለው በዚህ ዘዴ በሰዓት ወደ 88 ኪሎ ሜትር ይደርስ ነበር።

በዚያ ዘመን የሽቫርትስኮፍ መሥሪያ ቤት ብቻውን አልነበረም። አሮው የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1959 በዲዝኒላንድ የቧንቧ ሐዲድ አስተዋውቆ፣ በ1975ም እንደ ጠርሙስ መክፈቻ የሚጠማዘዝ ሐዲድ ሠርቶ ነበር። ሁለቱም ተሳፋሪን ይዘቀዝቃሉ፤ ተሳፋሪዎች ግን ልዩነታቸውን ቶሎ ለዩት። በአሮው ሥራዎች ላይ ብዙዎች የሚያነሡት ቅሬታ ከአንዱ ኩርባ ወደ ሌላው ሲሻገሩ የሚሰማው ድንገተኛ ንጠትና በትከሻ ማሰሪያው ላይ የሚደርሰው የጆሮና የአንገት ምት ነው። ሽቫርትስኮፍን ግን ጉዞው ብርቱ ሆኖ ሳለ አያንገላታም ብለው አመሰገኑት። ሁለቱ ነገሮች እንደማይጣሉ ማሳየቱ ትልቁ ሥራው ነበር። ሰጋር በቅሎም ፈጣን ናት፤ የምትለየው ስለምትዘገይ ሳይሆን ስለማታነጥር ነው።

ይህ ሁሉ ምስጋና ግን ገንዘብ ሆኖ ወደ ካዝናው አልገባም። ጥሩ ሠሪና ጥሩ ነጋዴ ሁልጊዜ በአንድ ሰው ውስጥ አይገኙም። እያንዳንዱ ሐዲድ ብዙ ብረት፣ ብዙ የሰው ጉልበትና ብዙ ጊዜ ይፈልጋል፤ ገዢው ጥቂት ነው። በ1983 መሥሪያ ቤቱ ለኪሳራ ተዳረገ። ስሙ በተሳፋሪዎች ዘንድ ከፍ ባለበት ጊዜ ላይ ሠሪው ዕዳውን መክፈል ተሳነው። እሱ ግን ሥራውን አልተወም። በ1984 ሦስት ቀለበት ያለው ድራየር ሉፒንግ የተባለው ተንቀሳቃሽ ሐዲድ ወጣ። ይህ ሐዲድ በጀርመን የበዓል ገበያዎች ከዞረ በኋላ ወደ ማሌዥያ፣ ወደ እንግሊዝና ወደ ሜክሲኮ ተወስዶ በየቦታው ተተክሏል።

በ1985 ከእሱ ጋር የሚመሳሰል፣ ማይንድቤንደር የተባለ ትልቅ ሐዲድ በካናዳ በኤድመንተን ከተማ በአንድ የገበያ አዳራሽ ጣሪያ ሥር ተከፈተ። የሕይወቱ ከባድ ቀን የመጣው ከዚህ ነው። ሰኔ 14 ቀን 1986 የመጨረሻው ፉርጎ የጎማ መያዣ ብሎኖች ለቀው ጎማው በመውደቁ ፉርጎው ከሐዲዱ ወጥቶ ከኮንክሪት ምሰሶ ጋር ተጋጨ፤ 3 ሰዎች ሞቱ፣ አንድ ሰውም በጽኑ ቆሰለ። ስሕተቱ የኩርባው አልነበረም፤ የቀለበቱም ስሌት አልተሳሳተም። ነገር ግን በሞተ ሰው ፊት እንዲህ ያለው ልዩነት ብዙ ዋጋ የለውም። በየቀኑ መታየትና መጥበቅ ያለበት አንድ ብሎን ከለቀቀ፣ የዓለም ምርጥ ኩርባ ተሳፋሪውን አያድንም። ሐዲዱ በሚቀጥለው ዓመት ሲከፈት የፉርጎዎቹ ቁጥር ከ4 ወደ 3 ተቀንሶና የተሳፋሪው ማሰሪያ ተጠናክሮ ነበር። እስከ 2023ም ሲሠራ ቆይቶ ተዘጋ።

ከዚህ አደጋ በኋላም ሽቫርትስኮፍና ሽቴንገል አብረው ሠሩ። በ1987 በስዊድን በጎተንበርግ የሊሴበሪ መናፈሻ ሐዲድ ተከፈተ። በ1989 ደግሞ 5 ቀለበቶች ያሉት ኦሊምፒያ ሉፒንግ ተሠራ፤ ቀለበቶቹ የኦሊምፒክን ምልክት ቀለም የተቀቡ ሲሆኑ፣ ተነቃይ ከሆኑት ሐዲዶች ሁሉ ትልቁ ነው። በሙኒክ የኦክቶበርፌስት በዓል ላይ ቆሞ ሕዝብ ሲያሳፍር ቆይቷል። ሠረገላ ሠሪ ሆኖ የጀመረው ሰው በሥራው ማብቂያ የሠራው ትልቅ ነገርም ተፈትቶ የሚገጠም ነበር።

አንቶን ሽቫርትስኮፍ ሐምሌ 30 ቀን 2001 በ77 ዓመቱ ሞተ። ያወረሰው በብዙ አገሮች የተበተኑ ሐዲዶችን ነው፤ የእነዚህም ዕድል በሠሪያቸው እጅ ሳይሆን በመናፈሻ ባለቤቶች እጅ ነበር። አሮጌ ሐዲድ ደግሞ ለባለቤቱ ወጪ ነው፤ ቦታውም ለአዲስና ለረጅም ሐዲድ ይፈለጋል።

ከሞተ በዓመቱ፣ በ2002፣ ይህ ነገር በቺካጎ አቅራቢያ በገርኒ ከተማ ባለው መናፈሻ ደረሰ። በዚያ በ1976 የተተከለ ዊዘር የሚባል የሽቫርትስኮፍ ሐዲድ ነበር። ቀለበት የለውም፤ ቁመቱም ከፍ ያለ አይደለም፤ በዛፎች መካከል እየተጠማዘዘ የሚወርድ፣ ሕፃንና ሽማግሌ አብረው የሚሳፈሩበት ነው። መናፈሻው ለአዲስ መዝናኛ ቦታ ስለፈለገ ዊዘር እንደሚነቀል አስታወቀ። ወዲያውኑ ከተሳፋሪዎች ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ። መናፈሻው ሐሳቡን ለውጦ በዊዘር ፈንታ ሾክዌቭ የተባለውን የአሮውን ሐዲድ ነቀለ። ሾክዌቭ በ1988 የተሠራ፣ ከዊዘር እጅግ የሚረዝም፣ ተሳፋሪን 7 ጊዜ የሚዘቀዝቅ ነበር። በቁመትና በቁጥር ቢሆን ኖሮ ዊዘር ምንም ተስፋ አልነበረውም፤ ያዳነው ሰዎች በወገባቸው ያኖሩት ትዝታ ነው።

በዚያው ዓመት የአሜሪካ የሮለር ኮስተር ወዳጆች ማኅበር ለመጀመሪያው የቁም ቀለበት ሐዲድ፣ ለሬቮሉሽን፣ የታሪክ ቅርስነት ክብር ሰጠ። ይሁን እንጂ ሐዲዱ በዚያን ጊዜ ሠሪው እንደተወው አልነበረም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ባለቤቶቹ ለበለጠ ጥንቃቄ ብለው የትከሻ ማሰሪያ ጨምረውበት ነበር። ከዚያ ወዲህ ያ ልስላሴው የታወቀ ሐዲድ ጭንቅላት የሚመታ ሆኗል የሚል ቅሬታ ይሰማ ጀመር። ሐዲዱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው በሰውና በፉርጎው መካከል ያለው ነገር ነበር። ወዳጆቹ ለብዙ ዓመታት ሳይሰለቹ ይህንኑ ተናገሩ። በመጨረሻ በ2016 አዲስ ፉርጎዎች ገቡ፤ የትከሻው ማሰሪያ ቀርቶ የጭኑ ብረት ተመለሰ። ሽቫርትስኮፍ ከ40 ዓመት በፊት የወሰነው ውሳኔ፣ እሱ ከሞተ ከ15 ዓመት በኋላ፣ በተሳፋሪዎች ምስክርነት ጸና።

የዚህ ሰው ሕይወት በምዕራብ ጎጃም መንገድ ለሚሠራ፣ ድልድይ ለሚተክል ወይም መኪና ለሚጠግን መሐንዲስ ሩቅ አይደለም። ከኤድመንተን የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ያማረ ንድፍ የዕለት ጥገናን አይተካም። ከ1983ቱ ኪሳራ የሚገኘውም መራራ ቢሆን እውነት ነው፤ ጥራት ብቻውን ደመወዝ አይከፍልም፤ ዋጋውን የሚያሰላ ሰው ከጎኑ ካልቆመ ሠሪውን ይዞት ይወድቃል። ሦስተኛው ትምህርት ግን ከሁለቱም የሚጠልቅ ነው። ከደምበጫ እስከ ቡሬ በአውቶቡስ የሚሄደው ሰው የመንገዱን ንድፍ ያወጣውን መሐንዲስ ስም አያውቅም፤ ስለ ክሎቶይድም ሰምቶ አያውቅ ይሆናል። ነገር ግን በኩርባው ላይ ያንቀላፋ ሕፃን ከእናቱ ጭን ላይ ሳይነቃ ከቀረ እናቲቱ ታውቀዋለች፤ ከነቃም ታውቀዋለች። በቡሬ ገበያ በቅሎዋን አስግሮ የመለሰው ገዢ የሚሰጠው ፍርድም ይኸው ነው፤ አንቶን ሽቫርትስኮፍም ዕድሜውን ሁሉ የሠራው ለዚህ ፍርድ ነው።